ዱትሉጃ ስንት ሰው አላት?

ዱትሉጃ፣ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1990

ለምወድህ ወንድሜ ለረፊቅ፣

የተራራው ነፋስ ጤናህን እንዳልነካብህ ተስፋ እያደረግሁ ሁለቱንም ዓይኖችህን እስማለሁ። እኛን ከጠየቅኸን አላህ ይመስገን ደህና ነን። አባባም ደህና ናቸው። ከሁሉ አስቀድመህ የጠየቅኸኝ ስለ እሳቸው ስለሆነ እኔም አስቀድሜ መለስኩልህ።

"መንደሯ ምን መሰለች?" ላልከው ግን መልሱ ረጅም ነው፤ ሻይህን ቅዳና ተቀመጥ። አንደኛ ነገር መንደር አትበላት፤ አባባ ቢሰሙህ ይቀየሙሃል። ለተማሪዎቼ የሰፈራችንን ካርታ ሳሉ ስላቸው ምስኪኖች በየወሩ ይሳሳታሉ። ባለፈው ወር ሜዳ ብለው ቀለም የቀቡት ቦታ በዚህ ወር መንገድ ሆኖ ይገኛል፤ በምን ልቅጣቸው?

ቀይ ኮረብታው በቦታው ነው፣ እሱን ማንም አላነቃነቀውም። ከሥሩ ያለው የእኛ ቤትም፣ የአሮጌዎቹ ጎረቤቶቻችንም እንዳለ ነው። በኮረብታው ወገብ ላይ ግን ከሪዜ የመጡ የጥቁር ባሕር ሰዎች ሰፍረዋል። ታች ሜዳ ሞልቶ ሳለ ገደል ላይ ተንጠለጠሉ። አባባ "የጥቁር ባሕር ሰው ሜዳ ላይ ቢተኛ የሚወድቅ ይመስለዋል" ይላሉ። ከአውራ ጎዳናው ዳር ያሉት ደግሞ የኤርዙሩም ሰዎች ናቸው፤ ቤታቸውን ሳይጨርሱ ሻይ ቤታቸውን የጨረሱ። ከእነሱ እስከ ወንዙ ድረስ ያለው ቦታ ላይ ስደርስ ብዕሬ ይሰንፋል። የእማማ፣ አላህ ይማራትና፣ የእንጆሪ ዛፎች የነበሩበት ነው። አሁን ባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች ናቸው። አምና በበጋ ከቡልጋሪያ ተገፍተው የመጡት ቱርክ ወገኖቻችን ይኖሩባቸዋል።

ጭጋግ ሲወርድ ወንዙም መንገዱም ይጠፋና የላይኞቹ ፎቆች መብራት ብቻውን በአየር ላይ ይቀራል። ያን ጊዜ ከተማዋ ከምድር ተነሥታ ቀስ ብላ የምትሄድ ይመስለኛል። ደጅ ቆሜ አያታለሁ። አዝናለሁ፣ ደግሞም ደስ ይለኛል። ሁለቱም ባንድ ልብ ውስጥ እንዴት እንደሚያድሩ አላውቅም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ኦክቶበር 21 ቆጠራ ነው። ሕጉን ታውቃለህ፤ በዚያ እሑድ ማንም ከቤቱ አይወጣም፣ ሰውም የሚቆጠረው በዚያ ቀን በተገኘበት ቤት ነው። ሁለት ሺህ ሰው ከሞላን ዱትሉጃ የራሷ ማዘጋጃ ቤት ያላት ከተማ ትሆናለች። ካልሞላን ቡርሳ ትውጠናለች፤ የአንድ ሰፈሯ ጭራ ሆነን እንቀራለን። ስለዚህ እንደ ሀገሩ ሁሉ እኛም ልጆቻችንን እየጠራን ነው። በፋብሪካ የሚያድረው፣ ኢዝሚር ያገባችው፣ ሁሉም ለአንድ ሌሊት ይመጣል። የጎረቤት መንደሯ የታሽኮይ ሰዎች ለእንግዶቻቸው ከበሮ መቺ ጠርተዋል አሉ፤ ሰው ደግሞ "ሙታናቸውንም ጠርተዋል" ይላል። አባባ ግን ሃያ ዓመት በሹመት የያዙትን የሙኽታር ማኅተም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ "በዱትሉጃ ያላደረ ነፍስ አንድም አይጻፍም፤ የሚዋሽ ካለ ሌላ ሹም ይፈልግ" ብለው ለሁሉም አስታወቁ።

ና፣ ረፊቅ። አባባ "ጥሪው" አላሉኝም፣ አልዋሽህም። እኔ ግን እየጠራሁህ ነው።

እህትህ ሹክሪዬ


ከአርዳሃን በላይ፣ የአየር ጠባይ ጣቢያ፣ ሴፕቴምበር 15

አብላዬ፣ ታላቅ እህቴ ሹክሪዬ፣

እጅሽን እስማለሁ። ደብዳቤሽ እዚህ የደረሰው በወተት መኪና ነው፤ ትንሽ አይብ አይብ ይሸታል።

የእኔንም ከተማ የሕዝብ ብዛት ልንገርሽ። እኔ አለሁ፣ ባልደረባዬ ዙልፊካር አለ። ዙልፊካር ያኮረፈ ዕለት ሕዝቡ በግማሽ ይቀንሳል። የዝናቡን መለኪያ እናያለን፣ የነፋሱን እንጽፋለን፣ ሾርባ እናሞቃለን። ከዚህ ላይ ሆኖ ሲያዩት ደመናው ከታች ነው። አንዳንድ ጠዋት ዓለም ሁሉ ነጭ ባሕር ይሆንና እኛ ብቻ ደሴት ላይ የቀረን ይመስለኛል። የሚያስፈራ እንዳይመስልሽ፤ ደስ ይላል።

በሕልሜ ግን ዱትሉጃ አላደገችም። ብዙ ሌሊት እመጣለሁ። ከአውራ ጎዳናው ወርጄ ጎማ ጠጋኙን በስተቀኝ ትቼ በእንጆሪዎቹ መሐል በምታልፈው መንገድ እገባለሁ። ቅጠሉ ከላይ ይገጥማል፤ ውስጡ እንደ ኩሬ ውኃ አረንጓዴ ነው። እማማ ለሐር ትሎቿ ቅጠል ትለቅማለች። ዞር ብላ አታየኝም፤ እንደመጣሁ ግን ታውቃለች። መንገዱ ሲያልቅ ድልድዩ ነው፣ ከድልድዩ ማዶ ቤታችን። ድልድዩ ላይ ስደርስ እነቃለሁ። አንድም ቀን ተሻግሬው አላውቅም።

ስለዚህ ና አትበይኝ። የእማማን ዛፎች ያስቆረጡ ዕለት ለሙኽታሩ ለአባታችን ያልኳቸውን ታስታውሻለሽ። "እርስዎ ከሰው ይልቅ የሰው ቁጥር ይወዳሉ" አልኳቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሰባት ዓመት ሆነው፣ አልተመለሰም። አሁን ደግሞ ራሴ ቁጥር ሆኜ ልምጣላቸው? እውነቱን ንገሪኝ፤ የሚፈልጉኝ እኔን ነው ወይስ ሁለት ሺህኛውን?

አንድ ነገር ደግሞ። ተኳርፈን እንኳ ከደብዳቤሽ ግርጌ በእጃቸው "እኔም አለሁ" ብለው ይጽፉ ነበር። ሁለት ቃል ናት፣ ግን እሷን ነበር አስቀድሜ የምፈልገው። ከፀደይ ወዲህ የለችም። ምን አድርጌአቸው ነው?

ወንድምሽ ረፊቅ


ዱትሉጃ፣ ሴፕቴምበር 27

ረፊቅ፣

ዓይኖችህን እስማለሁ። ምንም አላደረግሃቸውም። የአባባ እጅ ሥራ በዝቶበት ነው። ሙኽታር ከቆጠራ በፊት ምን ያህል እንደሚደክም አንተ አታውቅም፤ በየቤቱ በር ላይ ቁጥር መቀባት አለ፣ ስም የሌለውን መንገድ ስም ማውጣት አለ። ደብዳቤህንም እኔ አነብላቸዋለሁ፤ እንዲህ ይሻላል ይላሉ። ተወው አሁን ይህን።

ሰሞኑን ቁጥር ስናስቀባ አብረን ዞርን። አሁን አሁን ክንዴን ይዘው መሄድ ይወዳሉ። እኔም አልጠላሁትም። መንገዱን ሁሉ እኔ ሳልነግራቸው "እዚህ ጋ ቀዳዳ አለ፣ እዚህ ጋ ውኃ ይተኛል" እያሉ እኔን ይመራሉ። ከሪዜ ሰዎች ዘንድ ስንደርስ አንዱ ሽማግሌ ከላይ ሆኖ "አጎት ሙኽታር፣ እኛን ስትቆጥር ዶሮዎቹንም ጨምር፣ ከታሽኮይ ሰዎች የእኛ ዶሮ ይሻላል!" ብሎ ጮኸ። አባባም "ዶሮዎችህ በሕግ አድረው ከተገኙ እጽፋቸዋለሁ፣ አንተ ግን ሚስትህ ካስገባችህ ነው!" አሉት። ኮረብታው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ቁልቁል ስንወርድ ቆም አሉ። "ሹክሪዬ፣ ከዚህ ላይ መብራቱ ስንት ነው?" አሉኝ። ገና ሲመሽ ነበር። "ብዙ ነው አባባ" አልኳቸው። "ብዙ ነው አይደል?" አሉና ሳቅ አሉ።

ደብዳቤህን አነበብኩላቸው። ስለ ቁጥሩ የጻፍከውን መዝለል አሰብኩ፤ "አትዝለይ" አሉኝ፣ እንዴት እንዳወቁ አላውቅም። ሲያልቅ "ነፋሱ ዘንድ ይቆጠር እንግዲህ፣ ነፋሱም ሰው ይፈልጋል" አሉ። ደብዳቤህን አጣጥፌ ተነሣሁ። በማግስቱ ግን ስምህን ሳይጠሩ "ያን የሕልሙን ቦታ እስቲ" አሉኝ። በየቀኑ ያስነብቡኛል። እንዳትነግሪው ከሚሉኝ ሁሉ ይህን ልንገርህ፤ እማማ ቅጠል የምትለቅምበት ቦታ ሲደርስ አፋቸው ከእኔ ጋር ይንቀሳቀሳል።

የጠየቅኸኝን አልመለስኩልህም፤ አውቃለሁ። መልሱ እዚህ ነው ያለው፤ መጥተህ ውሰደው።

ሹክሪዬ


የአየር ጠባይ ጣቢያ፣ ኦክቶበር 6

አብላዬ፣

እጅሽን እስማለሁ፤ ይቅርታሽንም እለምናለሁ። ዙልፊካር ታሟል፣ ያስላል። መለኪያዎቹን ለማን ልተዋቸው? በረዶም ጀምሯል። ደግሞ ምክንያት ባይኖረኝ ምክንያት እፈልግ ነበር፤ ይህንንም ለአንቺ አልደብቅም። እንኳን ለእሳቸው ለእኔም ድልድዩ ከባድ ነው።

ያለ እኔ ይሙላላችሁ። ከልቤ ነው የምለው።

ረፊቅ


ዱትሉጃ፣ ኦክቶበር 12

ረፊቅ፣

ደርሶኛል። አልተቀየምኩህም፤ ትንሽ ተቀይሜአለሁ። ለአባባ "ዙልፊካር ታሞ ነው" ብዬ ነገርኳቸው፤ ሌላውን አላነበብኩም። "ይማረው" አሉ። ከዚያ አልጋህን እንዳላነሣ ነገሩኝ፤ "ለእንግዳ ይሆናል" አሉ። በዚያ ቀን ማን እንግዳ ከቤቱ ወጥቶ ይመጣል?

እኔም ከቆጣሪዎቹ አንዷ ነኝ፤ አስተማሪ ሁሉ ቆጣሪ ነው። የሪዜ ሰዎችን ኮረብታ ሰጡኝ። አባባ ቀኑን ብቻቸውን ነው የሚውሉት። ጸልይልን።

ሹክሪዬ


የአየር ጠባይ ጣቢያ፣ ኦክቶበር 28

አብላ፣

ይህን ስታነቢ አትጩኺብኝ። መጥቼ ነበር።

ዙልፊካር ነው የገፋኝ። ሳሉ ሲሻለው "ሂድ ባክህ፣ ነፋሱን እኔ እጠብቅልሃለሁ፣ የትም አይሄድም" ብሎ ሻንጣዬን በር ላይ አወጣው። ልጽፍልሽ ብል ደብዳቤው ከእኔ አይቀድምም ነበር። ደግሞም ድንገት በር ላይ ስቆም ፊታቸውን ማየት ፈለግሁ። እውነቱ እሱ ነው።

ቅዳሜ ሲመሽ እደርሳለሁ ስል አውቶቡሱ ተራራው ላይ በበረዶ ተያዘ። አውራ ጎዳናው ላይ የወረድኩት እሑድ ሊነጋጋ ሲል ነው። ጭጋግ ነበር፣ እጄን ብዘረጋ ጣቴን አላይም። ምን ቸገረኝ አልኩ፤ መንገዱን በሕልሜ ስሄደው የኖርኩ ሰው ነኝ። ጎማ ጠጋኙን ፈለግሁ፣ የለም። በቀኝ ታጠፍኩ፣ ግድግዳ። በግራ ታጠፍኩ፣ ሌላ ግድግዳ፤ ላዩ ላይ ልብስ ተሰጥቷል። በተወለድኩበት ምድር ጠፋሁ፣ አብላ። የምጠይቀው ሰው ቢገኝስ ምን ብዬ ልጠይቅ? "ቤታችን የት ነው?" ይባላል?

ከቤት መውጣት የሚከለከልበትን ሰዓት የሚያውጀው ሳይረን ሲጮኽ አንድ ሕንፃ ሥር ቆሜ ነበር። በሩን ልትዘጋ የወረደች ሴት አየችኝ። "አንተ ሰው፣ አብደሃል እንዴ? ጀንደርማ ፖሊስ ሳያይህ ግባ!" ብላ በክንዴ ጎተተችኝ። ናዚፌ ትባላለች፣ ከቡልጋሪያ ከመጡት ናት። ከየት ነህ፣ የማን ነህ አላለችኝም። "የአላህ እንግዳ ነህ፣ ጫማህን አውልቅ" ብላ ትኩስ ቦሬክ፣ አይብ ያለበት ቂጣ፣ ቆረሰችልኝ።

ጭጋጉ ሲነሣ ሰገነቱ ላይ ወጣሁ። ሦስተኛ ፎቅ ነው። ከእማማ ዛፎች ጫፍ በላይ ቆሜ እንደሆነ አሰብኩ። ከተማዋን አየኋት። መንገዱ ሁሉ ባዶ፤ አንዲት ድመት ብቻ መሐል አስፋልት ላይ ተኝታ ሆዷን ለፀሐይ ሰጥታለች። በየመስኮቱ ግን ሰው አለ። ከሰገነት ወደ ሰገነት በእጅ ይነጋገራሉ፣ ሻይ እንጠጣ ይባባላሉ፣ ሕፃን እያነሡ ያሳያያሉ። ይህ ሁሉ ሰው ከየት መጣ? እንዴት ዝም ይላል? ከዚህ በፊት ጠልቻት ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን መጥላት አቃተኝ።

ከወንዙ ማዶ የእኛ ቤት። መስኮቱ ላይ እሳቸው።

እጄን አነሣሁ። ዝም። መሐረቤን አውለበለብኩ። ዝም። ከናዚፌ ገመድ ላይ የጠረጴዛ ጨርቅ አንሥቼ እንደ እብድ አራገብኩ። ፊታቸው ቀጥ ብሎ ወደ እኔ ነበር፣ አብላ፤ ፀሐይ ወድቆበት ጢማቸው ሳይቀር ይታየኛል። እጃቸውን አላነሡም። ናዚፌ "አትድከም ልጄ፣ አጎት ሙኽታር ኩሩ ሰው ናቸው፣ ከሰገነት ጋር አይጫወቱም" አለችኝ። ብጠራቸው ይሰሙኝ ነበር፤ ከተማዋ ጸጥ ብላለች። ግን አልጠራሁም፤ እኔም የእሳቸው ልጅ ነኝ።

ቆጣሪው መጥቶ ስም ሲጠይቀኝ "ረፊቅ፣ የሂልሚ ልጅ" አልኩ። ናዚፌ የሻይ ጀበናውን እንደያዘች ቀረች። "የሙኽታሩ ልጅ ነህ እንዴ?" አለችኝ። "ሂልሚ የሚባል ሰው በዓለም ሞልቷል" አልኳት። ቀኑን ሙሉ እዚያው ቆምኩ፤ እሳቸውም እዚያው ተቀምጠው ዋሉ።

ሲመሽ ሳይረኑ ጮኸ፤ ሰው እንደ ጎርፍ ወጣ፣ ሕፃናት ይጮኻሉ። ድልድዩ ድረስ ሄድኩ። ቤታችን ጨለማ ነበር። በየቤቱ መብራት ሲበራ የእኛ ብቻ አልበራም። ቀን ሙሉ አይተውኝ ሲመሽ ቤታቸውን አጨለሙብኝ። ከዚያ በኋላ ምን እጠብቃለሁ? ተመለስኩ።

ለሙኽታሩ እንኳን ደስ ያልዎት በያቸው። ቁጥር ፈልገው ነበር፤ ተቆጥሬላቸዋለሁ።

ረፊቅ


ዱትሉጃ፣ ኖቬምበር 5

አንተ ደደብ፣ አንተ የኔ ዓይን፣ አንተ ግትር የግትር ልጅ፣

ደብዳቤህን ትምህርት ቤት ነው የከፈትኩት። ልጆቹን አስወጥቼ አለቀስኩ። ሰላምታ የለኝም ዛሬ፣ ይቅርታ።

አባባ ማየት አይችሉም፣ ረፊቅ።

ክረምቱ ሲወጣ አንዱ ዓይን ሄደ፣ በፀደይ ሌላው። ሐኪሙ አይመለስም ብሏል። "እኔም አለሁ" የምትለዋ ለዚህ ነው የጠፋችው። መስመሩን ስተው በእኔ ጽሑፍ ላይ ይጽፉ ጀመር፤ አንድ ቀን ብዕሩን አስቀመጡት። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ከተማዋን ስለሠሯት በእግራቸው ያውቋታል፤ ሰው ደግሞ ክንዴን የሚይዙት ስለሸመገሉ ይመስለዋል። "ይህችን ቆጠራ ላድርስና ማኅተሙን አስረክባለሁ" አሉኝ። ለአንተ እንዳልጽፍም አስማሉኝ። "ለቆጠራ ከመጣ ይምጣ፤ ለታወረ ሽማግሌ አዝኖ የሚመጣ ልጅ አልፈልግም" ብለው ነበር። ቃሌን ጠብቄ ይኸው አቃጠልኩህ። የኩራት መድኃኒት የት እንደሚሸጥ ባውቅ ለሁለታችሁም እገዛ ነበር።

አላዩህም። መስኮቱ ላይ የተቀመጡት ሊሰሙ ነው። ጠዋት ስወጣ "ዛሬ ከተማው ሁሉ ዝም ይላል፤ አንድ ሰው ቢመጣ ኮቴው ይሰማል" አሉኝ። ማንን እንደሚጠብቁ አልጠየቅሁም። ፊታቸው ወደ አንተ የሆነው አውራ ጎዳናው በዚያ ስለሆነ ነው። ቀኑን ሙሉ፣ ረፊቅ፣ ቀኑን ሙሉ ጆሯቸውን ሰጥተው ዋሉ፤ አንተም በናዚፌ ሰገነት ላይ በጠረጴዛ ጨርቅ ትጮኻለህ! መብራቱስ? ብቻቸውን ናቸው፤ ለማን ያበራሉ? እኔ ወረቀቶቹን አስረክቤ እስክመጣ ቤቱ ጨለማ ነበር።

ናዚፌን ሄጄ አነጋገርኳት። "ቦሬክ ብሰጠው የእናንተን መስኮት ነው በዓይኑ የበላው፤ የሚያሳዝን ልጅ" አለችኝ።

አሁን ደግሞ የማታውቀውን ልንገርህ። የእኛን ቤት የቆጠረው አብሮኝ የሚያስተምር ወጣት ነው። ማምሻውን መጨረሻ ላይ ነው የደረሰው። "አጎት ሙኽታር፣ እንኳን ደስ ያልዎት፣ ሁለት ሺህን አልፈናል፣ ብዙ ተርፎናል" አላቸው። "አልሐምዱሊላህ" አሉ። ከዚያ "በዚህ ቤት ስንት ሰው ነው?" ሲላቸው "ሦስት" አሉት። "እኔ፣ ልጄ ሹክሪዬ፣ ልጄ ረፊቅ።" ወጣቱ ዙሪያውን አየ። "ረፊቅ የት ነው?" "ተኝቷል" አሉት። የተነጠፈውን አልጋ በበሩ በኩል አይቶ ይሆናል፤ ጻፈ።

በሃያ ዓመት ሹመታቸው አንድም ነፍስ ያልጨመሩ ሰው። ለከተማዋ ብለው አይደለም፤ ከተማዋ ሞልታለች፤ አንተን አትፈልግም። ገባህ?

ደብዳቤህን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላቸው። ጨርቁ ጋ ስደርስ "ምን ዓይነት ጨርቅ ነው?" አሉ። ምን ልበላቸው? ቀይ ነው አልኳቸው። ሲያልቅ፣ "እንግዲያው በዱትሉጃ ሁለት ረፊቅ አለ። የናዚፌው እውነተኛው ነው፤ የእኔው ሐሰተኛ ነው" አሉ። ወረዳ ሄደው "አንድ ሰው በትርፍ ጽፌአለሁ" ሊሉ ተነሡ፤ ኮታቸውን ለበሱ። በር ላይ ቆሙና ተመለሱ። "ትንሽ ልቆይ" አሉኝ። "ካልመጣ ዋሽቻለሁ፣ ሄጄ እናዘዛለሁ። ከመጣ ግን አልዋሸሁም፤ ቀድሜ ተናገርኩ እንጂ።"

ኮታቸውን ግን አላወለቁም። ይህን ስጽፍ እንደለበሱት ተቀምጠዋል።

ሹክሪዬ


የአየር ጠባይ ጣቢያ፣ ኖቬምበር 14

አብላዬ፣

የእጅሽን መዳፍ እስማለሁ። ምንም መጻፍ አልችልም፤ ወረቀቱ ይርሳል። ዙልፊካር ደብዳቤሽን አንብቦ "እኔ ነፋሱን እጠብቃለሁ፣ አንተ ግን ዘንድሮ አትመለስ" አለኝ። አለቆቼ ፈቃድ ሰጥተውኛል፤ ወደ ቡርሳ ጣቢያ መዛወርም ጠይቄአለሁ። ከዚህ የምነሣው መልስሽ እንደደረሰኝ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ። ከአውራ ጎዳናው እስከ ቤታችን በየት በየት ነው የሚኬደው? የማውቀው መንገድ ሕልም ብቻ ሆኗል። እንደገና መጥፋት አልችልም።

አባባን ኮታቸውን ያውልቁ በያቸው፤ ይሞቃቸዋል።

ረፊቅ


ዱትሉጃ፣ ኖቬምበር 21

ለምወድህ ወንድሜ ለረፊቅ፣

ዓይኖችህን እስማለሁ፤ በዚህ ሳምንት በወረቀት፣ በሚቀጥለው ኢንሻአላህ በአካል።

ካርታ ልስልልህ ጀምሬ ነበር። አባባ የእርሳሱን ድምፅ ሰሙና "ተይው፣ ካርታሽ እስኪደርስ ሌላ ሕንፃ ይበቅላል። እኔ ልንገረው፣ አንቺ ጻፊ" አሉኝ። እንደ ነገሩኝ እጽፋለሁ፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም።

"በለው፤ አውቶቡሱ ሲያወርድህ የዳማ ጠጠር ሲንኳኳና ሰው ሲሰዳደብ ትሰማለህ፤ የኤርዙሩሞቹ ሻይ ቤት ነው። ሰላምታ ስጣቸው እንጂ አትቀመጥ፤ ከተቀመጥክ ዓመት ያልፋል። ጀርባህን ለእነሱ ሰጥተህ ቁልቁለቱን ያዝ። ዳቦ ዳቦ ሲሸትህ በግራ ታጠፍ፤ ጋጋሪው ከቡልጋሪያ ነው፣ ዳቦው ጥቁር ነው፣ ጥሩ ነው። ከዚያ በሕንፃዎቹ መሐል ትገባለህ። እዚያ ነፋሱ ይዘጋና ሕፃናት ይበዛሉ። ድሮ ዛፎቹ የነበሩት እዚያ ነው። ቆም ማለት ከፈለግህ ቁም፤ እኔም እቆማለሁ። እናትህ ይቅር ትለኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ሕፃናቱን ስሰማ ግን ትለኛለች እላለሁ። ናዚፌ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናት፣ አመስግናት። ከዚያ ፊትህን ወደ ውኃው ድምፅ አድርግ። የሪዜ ውሾች ከላይ ይጮኹብሃል፤ አትፍራቸው፣ እነሱ ለሁሉም ይጮኻሉ።

"እኔ በር ላይ እቀመጣለሁ። በድልድዩ ላይ ዝም ብሎ ይምጣ። ስንት ሰው በቀን ይሻገረዋል፤ ሁሉንም በኮቴያቸው አውቃለሁ። የእሱን ለይቼ ካወቅሁት እኔ እጠራዋለሁ። ካላወቅሁት እሱ ይጥራኝ።"

ይህን ተናግረው ሻይ አምጪ አሉኝና ተነሣሁ። ከኩሽና ሆኜ ነው አሁን የምጽፍልህ፤ እሳቸው አይሰሙኝም። ሰባት ዓመት ብዙ ነው፣ ረፊቅ። የሰው አረማመድ ይለወጣል፣ አንተም ተራራ ላይ ነው የኖርከው። ሰሞኑን በር ላይ ተቀምጠው የሚሻገረውን ሁሉ "ይሄ እሱን ይመስላል" እያሉ ይሞክራሉ፤ ዛሬ የፖስታውን ሰው "ረፊቅ!" ብለው ጠርተውት አፍረው ገቡ።

ስለዚህ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ድልድዩ ላይ ስትደርስ ልጅ ሆነህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እንደምታደርገው ሩጥ፤ እየረገጥክ፣ እየጮኽክ፣ ሳንቃው ይሰበር። ብቻ እሳቸው ቀድመው ይጥሩህ።

እህትህ ሹክሪዬ